ክርክር፦ የዓለምን የተፈጥሮ አደጋ እየተከታተሉ ግሩፓችን ላይ መለጠፍ ይቁም ወይስ ይቀጥል? (የደሴና ኮምቦልቻ ነዋሪዎች)

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ ጎበዝ። ያለፈው ሳምንት ነገር መልክ ሊይዝ ይገባል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ አባል «ፕላኔቶች ስለተሰለፉ በሦስት ቀን ውስጥ ከቱርክ እስከ ወሎ ይናወጣል» የሚል ቪዲዮ ለጠፈ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ደጅ ያደሩ እናቶች አሉ፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ፣ ከወሎ ውጭ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ እሳተ ገሞራ ጭራሽ እዚህ አይለጠፍ የሚል ነው። ሌላው እንዳለ ይቀጥል ይላል። ተከራከሩ፤ ስድብ ካየሁ ግን አጠፋለሁ።

ነርሷ፦ ይቁም። እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ደም ግፊት ያለባቸው አሮጊቶች «ልቤ ልትወጣ ነው» እያሉ መጥተዋል። መድኃኒታቸውን ጠይቄ ስጨርስ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ ቪዲዮ ያሳዩኛል። እስቲ በሞቴ፣ ደሴ ላይ ያለች እናት ሚያንማር ስትናወጥ በእኩለ ሌሊት ምን ታደርጋለች? ከመደንገጥ በቀር?

ተማሪው፦ ካምቻትካ የምትባል አገር መኖሯን ያወቅሁት ግን እዚሁ ግሩፕ ላይ ነው ሃሃሃ

መምህሩ (ጂኦግራፊ)፦ ካምቻትካ አገር አይደለችም ልጄ፣ የሩሲያ ልሳነ ምድር ናት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የትንበያው ቪዲዮ ይጥፋ፤ በዚህ ከነርሷ ጋር ነኝ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀኑንና ቦታውን ለይቶ አስቀድሞ መናገር የቻለ ሳይንስ እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ቱርክ 7.8 በሆነው ስትመታም እንዲሁ «ቀድሜ ተናግሬ ነበር» ባይ ተነስቶ ዓለምን አሳስቷል። ነገር ግን በአንድ ዋሾ ምክንያት ዓይናችንን እንጨፍን መባሉን አልቀበልም።

በ2013 መግቢያ የወሎን ማሽላና ጤፍ የጨረሰውን አንበጣ ታስታውሳላችሁ። ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ ኦማንን መታ፤ በጥቅምት ሉባን ተከተለው። ሰው የማይኖርበት የዓረቢያ በረሃ ውሃ ተኛበት፣ አሸዋው ለመለመ፣ አንበጣውም ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ የመን ገባ፤ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ፓዋን የተባለው ነፋስ ሶማሊያን ሲመታ ሌላ እርጥብ መራቢያ አገኘ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህን ሁሉ በካርታ እያሳየ ሲያስጠነቅቅ ነበር። መኩኑ ኦማንን ሲመታ ለወሎ ገበሬ ጉዳዩ አይደለም ያለ ሰው ነበረ? ምናልባት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ ማሳው ላይ ይሮጥ ነበር።

በ2007 ክረምት ዝናብ የቀረብንም እንዲሁ ከሩቅ በመጣ ነገር ነው። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሞቀ፣ ኤልኒኞ ሆነ፣ በማግስቱ ዓመት በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ።

ነርሷ፦ መምህር፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እርስዎ የሚያወሩት ስለ ካርታና ስለ መግለጫ ነው። እዚህ የሚለጠፈው እሱ ነው? እሱ ቢሆን ማን ይጠላል! ሰው የሚለጥፈው ጎርፍ የወሰደው ቤትና ከፍርስራሽ የወጣ ሕፃን ነው። ባለፈው «የዛሬ ሱናሚ» ተብሎ የመጣው ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ የተቀረጸ ነበር። አንድም ሰው አላረመውም፤ ሁሉም አልቅሶ አለፈ።

የሚሌ መንገድ ሹፌር፦ አሰላሙ አለይኩም። እኔ ቆሜ ስለምጽፍ አሳጥራለሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሰው ይህን ነገር ካልተከታተለ ሥራ አይሠራም። ስልኬ ላይ መሬት ሲናወጥ የሚጮህ አፕ አለ። ከ2017 መስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ ላይ ሲናወጥ አስፋልቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሹፌሩ የሚጠይቀው «መንገዱ ያሳልፋል?» ብሎ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ጓደኞቼ ጨው ሊጭኑ አፍዴራ ነበሩ። በአመድ ነጭ ሆነው የላኩትን ፎቶ እስከ ዛሬ አልሰረዝሁትም። አመዱ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ደረሰ፣ እዚያ በረራ ተሰረዘ። ወላሂ፣ ሕንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ የእኛን አፋር በሳተላይት ሲከታተሉ ነበር። እኛ ግሩፕ ላይ ግን የዚያን ቀን ወሬው እሑድ ስለሆነ ኳስ ነበር።

ተማሪው፦ ኳሱማ ግዴታ ነው።

ጋሼ ከአራዳ፦ ልጆች፣ እኔም ልናገር። በግንቦት 1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። ማጀቴ ፈረሰች፣ የአዲስ አበባ መንገድ ተሰነጠቀ። እኛ ጋ ወሬው የደረሰን በሾፌር አፍ ነው፤ እስኪደርስም በአራት እጥፍ አድጎ ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተሸበርነው ከመከታተላችን ሳይሆን ካለመከታተላችን ነበር፤ ይህን ለነርሷ ልጄ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። በ1965 የወሎ ሰው ከላስታ፣ ከራያ ተነስቶ በረሃብ አስፋልቱ ዳር ሲወድቅ መንግሥት ደበቀው። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለቀው አልቋል። በ77 ደግሞ ኮረም። ያን ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ለንደን ሆኖ «ስለ ሩቅ አገር አደጋ እዚህ አይወራ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ከእኛ የሚተርፈው ቁጥር ያንስ ነበር። ለዚህ ነው እኔ አይለጠፍ ለማለት አፌ የማይታዘዘኝ።

ነገር ግን ያንን ምስል አይቼዋለሁ። አጥንታቸው የወጣ፣ ዝንብ የወረራቸው፣ ልብሳቸው የወለቀ የአገሬ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን የጠየቀ የለም። ዓለም አይቶ ስንዴ ላከ፤ እግዜር ይስጠው። «ወሎ» ሲባል ግን እስከ ዛሬ ያ ፊት ብቻ የሚመጣበት ሰው አለ። እናንተም የሚያንማርን ሬሳ ፊቱን ሳትሸፍኑ ስትለጥፉ እኔ የማየው ያንን ነው። ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል፤ ሰው ተራቁቶ ሲታይም እንዲሁ ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። የእኔም ዋናው ነጥብ ይኼ ነበር፣ እንደዚህ አድርጌ መናገር ግን አልቻልሁም።

መምህሩ፦ ጋሼ ባሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ መከታተል ጥቅም ግን አንድ ምሳሌ ልጥራ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ከኢንዶኔዥያ የተነሳው ሱናሚ ሶማሊያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ሰባት ሰዓት! ዓለም በቴሌቪዥን እያየው ነው። ሐፉን ላሉት ዓሣ አጥማጆች ግን የነገራቸው አልነበረም፤ ሶማሊያ ውስጥ 300 ያህል ሰው ሞተ። ኬንያ ላይ ወሬውን የሰሙ ባለሥልጣናት ሰውን ከሞምባሳ ባሕር ዳርቻ አስነሱ፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። ሐፉን ለምንጩ ቀረብ ማለቷንና ውሃው እዚያ መበርታቱን አልክድም። የወሬው ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም።

የአዝዋ ገደል ልጅ፦ መምህር፣ ደሴ ባሕር የላትም። ጦሳ ተራራ ግን አላት።

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ሁላችሁም ያላነሳችሁት ነገር ስላለ ነው የገባሁት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ ናዳ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ይህ ግሩፕ በሻማ ተሞላ። ነፍስ ይማር፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ተባለ። ብዙዎቹ እንዴት እንደሞቱ ግን ማንም አልጠየቀም። መጀመሪያ ጥቂት ቤት ተቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ተሰብስቦ በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ አዳኞቹን ቀበረ። እዚህ ዛሬ ማታ አንድ ቤት ቢቀበር ምን የምናደርግ ይመስላችኋል? እንደዚያው ነው የምንሮጠው። የላይኛውን ዳገት የሚያይ አንድ ሰው እናቆማለን? አናቆምም፣ አላወቅንማ።

የእኛ ሰፈር በክረምት በር አልዘጋ ይላል። ሰዉ «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» ይላል። የአንዳንዱ እውነት ነው። የመብራት ምሰሶው ወደ ቦርከና ወንዝ ሲያዘነብል፣ ግድግዳው በሰያፍ ሲሰነጠቅ፣ ካልነበረበት ቦታ ውሃ ሲፈልቅ ግን እንጨት አይደለም። ይህን ፎቶ አንስቼ ባለፈው ክረምት ስለጥፍ ሁለት ሰው ብቻ አየው፤ የካሊፎርኒያው እሳት ስንት ሰው እንዳየው ራሳችሁ ታውቃላችሁ። እኔ አይለጠፍ አልልም። ግን ጎፋን ተከታትለን ለአዝዋ ገደል ምንም ካላመጣንበት ፊልም ነው ያየነው።

የሚሌ መንገድ ሹፌር፦ ምሰሶው የትኛው ነው? ከላይኛው መንገድ የሚታየው ከሆነ እኔም አይቼዋለሁ፤ ወዲህ ሳልፍ ቆሜ አነሳዋለሁ ኢንሻአላህ።

ተማሪው፦ ስንጥቁን በየሳምንቱ በሜትር ለክተን ቀን ጽፈን ብንለጥፍስ? እኛ ሰፈር ልጆች አሉ፣ ሥራ የለንም።

መምህሩ፦ ግሩም ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ምቱና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፤ ሁልጊዜ ከዚያው ከምስማሩ። ከፋ ካለ ለቀበሌ ቁጥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ ለድምፅ የማቀርበው ይህን ነው። የትንበያ ቪዲዮ በታየበት ይጠፋል፣ የለጠፈውም ይወጣል። የሞተም የተጎዳም ሰው ፊት አይለጠፍም። የውጭ አገር አደጋ የሚለጥፍ ሰው ቀኑንና ከየት እንዳገኘው ይጽፋል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን አይለጠፍም። የሰፈር ስንጥቅና ጎርፍ በማንኛውም ሰዓት። እስከ ዓርብ ድምፅ ስጡ።

ነርሷ፦ እኔ አሁንም «ይቁም» ነው የምለው። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ሌሊት የሚያስከብረው ማን ነው? አስተባባሪው ይተኛል፣ ቪዲዮው አይተኛም። የአዝዋ ገደሉን ልኬት ግን እደግፋለሁ።

የሚሌ መንገድ ሹፌር፦ ሦስት ሰዓቱ ለእኔ አይሆንም። እኔ ሌሊት ነው የምነዳው፣ መንገድ ሲሰነጠቅ ሲነጋ ብትነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? የአፋሩ ከክልከላው ይውጣልኝ።

አስተባባሪ፦ የአፋሩ ይውጣ፣ ትክክል ነህ። አስገብቼዋለሁ።

ጋሼ ከአራዳ፦ እኔ ይቀጥል ብያለሁ። ድምፅ መስጫው ግን የት ጋ እንደሚጫን አልታየኝም፤ አንዳችሁ ደውሉልኝ።