ቤቱ ቅርስ ከሆነ ጓሮውስ? (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

የከዚራ ልጅ፦
አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከዚራ ያለውን ቤታችንን የገዙት ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ግሪካዊ ነጋዴ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ ነው። ከጀርባው ከቤቱ የሚበልጥ ጓሮ አለ፤ ሰባት ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣና ሮማን። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ይህ መኖሪያችን ስለነበር ተረፈልን።

ባለፈው ወር አንድ ባለሙያ ቤቱን ለቅርስነት ሊያዩ መጡ። የፊቱን በር ፎቶግራፍ አነሡ፣ በረንዳውን ለኩ። ጓሮውንም እንዲያዩልኝ ብለምናቸው «ዛፍ ቅርስ አይሆንም» ብለውኝ ሄዱ። ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው! ካርታውን ለሁለት አስከፍለው ጓሮውን ፎቅ ለሚሠራ ሰው ሊያስተላልፉት ነው።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ከጉድጓዱ የሚነሣው የድንጋይ ቦይ በማድ ቤቱ ጥግ አልፎ፣ በበረንዳው ሥር ሾልኮ ወደ ማንጎዎቹ ይወርዳል። የቦዩና የቤቱ መሠረት ድንጋይ አጠራረቡ አንድ ነው። የከሰዓት ነፋስ በኋላ መስኮት የሚገባው በዛፎቹ ጥላ ቀዝቅዞ ነው፤ የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ይፍረደኝ። ከትልቁ ማንጎ ላይ አያቴ የሰቀሉት የሐዲድ ቁራጭ አለ፤ የማጠጫ ሰዓት ሲደርስ ይደወል ነበር። ሽቦውን ቅርፊቱ ስለዋጠው ብረቱ ከዛፉ የበቀለ ይመስላል። ቤቱና ጓሮው አብረው የሚመዘገቡበት መንገድ ይኖር ይሆን?

አዋጅ አንባቢ፦
ባለሙያው ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ የሚለው በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘውን ነው። ስለዚህ በማንጎው ሳይሆን በጉድጓዱና በቦዩ ይጀምሩ፤ እነዚህ ግንባታዎች ናቸው፣ የቤቱም አካል ናቸው። ማመልከቻውን ካርታው ሳይከፈል በጽሑፍ ያስገቡ። የቃል መልስ ነገ የለም።

የዲላው፦
«ዛፍ ቅርስ አይሆንም» የሚለው አሳቀኝ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ከነዛፉ፣ ከነቡናውና ከነእንሰቱ ነው። ያ የአንድ ሕዝብ ምድር እንጂ የአንድ ቤተሰብ ጓሮ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለመከራከሪያ ግን አያንስም።

ግንበኛው፦
እህቴ፣ ወንድሞችሽንም አትፍረጂባቸው። ቤቱ ቅርስ ከተባለ ለእድሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመጠበቁ ወጪ ግን ከባለቤቱ ኪስ ነው። የዚያን ቆርቆሮ ዋጋ ማን ሊከፍል ነው?

የከዚራ ልጅ፦
ግንበኛው፣ ልክ ነህ። ግን ዓምና ያፈስ የነበረውን የምሥራቅ በኩል ጣሪያ ስንቀይር የወጪው እኩሌታ የተሸፈነው በማንጎው ሽያጭ ነበር። ደብተሩ እናቴ ዘንድ አለ፤ እሑድ ወንድሞቼ ለምሳ ሲመጡ አወጣላቸዋለሁ። የቦዩን ፎቶግራፍ ደግሞ ነገ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።