የሚያጉረመርም የድምፅ ማጉያ፤ ሙያው ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለልጆቼ ከዋንዛ ጣውላ የድምፅ ማጉያ ሳጥን እየሠራሁላቸው ነው። ድምፁን የሚያጎላው አይሲ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ቲዲኤ 2030 ሲሆን ኃይል የሚያገኘው 220 ቮልቱን ወደ 12 በሚቀንስ ትራንስፎርመር፣ ተለዋዋጩን ኃይል ቀጥተኛ በሚያደርጉ አራት ዳዮዶችና ኃይሉን በሚያለሰልስ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ነው።

ችግሩ ማጉረምረሙ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ብቀንሰውም «እምምም» ማለቱን አይተውም፤ የስፒከሩን ወረቀት በጣቴ ስነካው ንዝረቱ ይሰማኛል። በሞተር ብስክሌት ባትሪ ሳስነሳው ግን ጸጥ ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ ከኃይል አቅርቦቱ እንጂ ከማጉያው አይመስለኝም። ካፓሲተሩን በ4700 መተካት ይበቃል ወይስ ትራንስፎርመሩ ለማጉያው ቦርድ መቅረቡም ነገር አለው? ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ጣት አይሞላም። ላርቀው ካልሁ ጣውላውን እንደገና መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ዋንዛ ደግሞ ዘንድሮ ዋጋው አይቀመስም።

በዚያ ላይ ብርዱ አለ። ነጩ የእንጨት ማጣበቂያ በውርጭ ሌሊት እንደ ኖራ ዱቄት እየሆነ መጋጠሚያው ይላቀቅብኛል። የቆላ ሰው ይህ አይገባውም! ደጋ ላይ የምትሠሩ እንጨቱን አስቀድማችሁ ታሞቁታላችሁ ወይስ ሌላ ማጣበቂያ ትጠቀማላችሁ? ልጆቹ ለገና ይድረስልን ብለው ወጥረው ይዘውኛል።