ኤጀንቴ ቱል ይምታታበታል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ በAI ሞዴል የሚሰራ ኤጀንት (በራሱ ስራ የሚሰራልኝ ፕሮግራም) አለኝ፣ ሁለት ቱል (ኤጀንቱ ሲፈልግ የሚጠራው ኮድ) ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱ የደንበኛ ትእዛዝ (ኦርደር) በትእዛዝ ቁጥር ያመጣል ሌላው በደንበኛ ስም ይፈልጋል፣ ኤጀንቱ ግን ሁሌ ይምታታበታል። ዲስክሪፕሽናቸው (ለሞዴሉ የተጻፈው መግለጫ) «ትእዛዝ ያመጣል» እና «ትእዛዝ ይፈልጋል» ነው የሚለው። ሞዴል ልቀይር እንዴ?

መልስ 1፦ ኧረ ሞዴሉን ተወው፣ ይሄን ሰው ቢያነበውም አይለየውም። ሞዴሉ እኮ ከቱሉ ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም፣ የሚያየው ስሙን፣ ዲስክሪፕሽኑንና ፓራሜትሮቹን (ሲጠራው የሚሞላቸውን መረጃዎች) ነው። «የትእዛዝ ቁጥሩ ሲታወቅ ብቻ ተጠቀም፣ ስም ብቻ ካለህ ሌላኛውን ጥራ» ብለህ ጻፍለት። መቼ እንደማይጠራ መንገር በጣም ይረዳል።

መልስ 2፦ ፓራሜትሩንም እንዳትረሳ። እኔ «ቀን» ብቻ ብዬ ትቼው አንዴ 03/04 አንዴ «ትናንት» እያለ ይልክልኝ ነበር፣ «ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2024-03-04» ስለው ተስተካከለ።

ጠያቂ፦ ሰራ! ስሙ ካልተገኘ ግን ደጋግሞ ይጠራዋል።

መልስ 1፦ ባዶ ሊስት አትመልስለት፣ «በዚህ ስም ትእዛዝ የለም፣ ደንበኛውን የትእዛዝ ቁጥሩን ጠይቅ» የሚል መልእክት መልስለት።