ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ካልሆነ መብታችንን የሚያስከብርልን ማን ነው?

ተማሪዋ፦
የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ መንግሥት አወቃቀር ስንማር ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ሕግ ተርጓሚው ሥልጣናቸው የተለያየ እንደሆነና ሕግ ተርጓሚ የሚባለውም ፍርድ ቤት እንደሆነ ተነግሮናል። ይሁን እንጂ የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥትን ራሱን ሳነብ አንቀጽ 62 ላይ ስደርስ ግራ ተጋባሁ፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች ፍርድ ቤት የማይተረጉማቸው ከሆነ መብቱ የተነካበት ሰው አቤት የሚለው ወዴት ነው? እንዲህ እንዲሆን የተፈለገበት ምክንያትስ ምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ጠበቃው፦
ውድ እህታችን፣ ሕገ መንግሥቱን ራስሽ ማንበብሽ በጣም ደስ ያሰኛል። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። የሕገ መንግሥቱ መግቢያ የሚከፈተው «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» በሚል ነው፤ አንቀጽ 8ም የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች እነርሱ መሆናቸውን ይደነግጋል። አርቃቂዎቹ ሰነዱን የቃል ኪዳን ያህል ስላዩት፣ ትርጉሙ ሲያከራክር የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ቃል ኪዳኑን የገቡት ወገኖች ሊሆኑ ይገባል ብለው አመኑ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚወክሉትም እነዚህኑ ነው፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ያገኛል።

ምክር ቤቱ ግን ብቻውን አይሠራም። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሚባል 11 አባላት ያሉት አካል ጉዳዩን አስቀድሞ ይመረምራል። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ስድስቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሚሾሙ የሕግ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይወክላል። ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡን ሲያቀርብ ምክር ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት።

የቀድሞ ዳኛ፦
ጠበቃው የጻፉት ትክክል ነው። ነገር ግን የልጃችን የመጀመሪያ ጥያቄ ሳይመለስ ታልፏል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። አንቀጽ 13 የምዕራፍ ሦስትን ድንጋጌዎች የማክበርና የማስከበር ግዴታ የጣለው በሕግ አውጪው፣ በሕግ አስፈጻሚው እና በዳኝነት አካሉ ላይ ነው። ዳኛ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆንበት ቀን የለም።

በወረዳ ፍርድ ቤት ስሠራ አንድ ጠዋት መርማሪ ፖሊስ አንድ ወጣት አቅርቦ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ጠየቀ። ማመልከቻውን ሳየው ወጣቱ የተያዘበት ቀን አልተጻፈበትም። ወጣቱን ስጠይቀው በተያዘ በአምስተኛው ቀን መቅረቡን ነገረኝ፤ መርማሪውም አላስተባበለም። ጣቢያውና ችሎቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉና በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል፤ ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። ለመታሰሩ በቂ የሆነ ምክንያት እንዲገለጽ ስጠይቅም አጥጋቢ መልስ ስላላገኘሁ ወጣቱ በዋስትና እንዲወጣ አዘዝኩ። ይህን ለማድረግ ጉዳዩን ወደ አጣሪ ጉባኤ መላክ አላስፈለገኝም፤ 48 ሰዓት ማለት 48 ሰዓት ነውና።

በእኔ እይታ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ከአንቀጽ 62 ይልቅ፣ ጠበቃ ሕገ መንግሥቱን በጠቀሰ ቁጥር «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም» ብለው እጃቸውን ከሚሰበስቡ ችሎቶች ነው። አደረጃጀቱንም ቢሆን አልደግፍም። የምክር ቤቱ አባላት የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች በመሆኑ፣ የተከሰሰው የክልል ሕግ በሚሆንበት ጊዜ ሕጉን ያወጣው አካል የላካቸው ሰዎች ሕጉን ሊመዝኑት ይቀመጣሉ። ጀርመንና ደቡብ አፍሪካም ፌዴሬሽንን ወይም ብዝኃነትን በሕገ መንግሥታቸው አስተናግደው ትርጉሙን ግን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሰጥተዋል።

ተማሪዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ያልገባኝ ዳኛው ሥራ ላይ የሚያውለው የትኛውን እንደሆነና ወደ ጉባኤው የሚላከው የትኛው እንደሆነ ነው። ድንበሩ የት ላይ ነው?

ጠበቃው፦
የቀድሞው ዳኛ ስለ አባላቱ ገለልተኛነት ያነሡትን አልቃወምም፤ በአመራረጡ ላይ የእኔም ሥጋት ተመሳሳይ ነው።

ስለ ድንበሩ በሁለት ጉዳዮች ላስረዳሽ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው በጊዜው ሊካሄድ እንደማይችል ሲታወቅ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመን ካበቃ በኋላ አገሪቱን ማን ያስተዳድራል የሚለውን በቀጥታ የሚመልስ አንቀጽ አልተገኘም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትርጉም ጥያቄ አቀረበ፤ አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ ካዳመጠ በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ወሰነ። ቃሉ ዝም ሲል ወይም ሁለት አንቀጾች ሲጋጩ ጉዳዩ የትርጉም ነው።

ሁለተኛው የአንድ ዜጋ ጉዳይ ነው። በውርስ ክርክር አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃዷን ሳትሰጥ ተዳኘች፤ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። በመደበኛው የፍርድ ቤት መንገድ መፍትሔ ስላላገኘች ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰች፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ውሳኔዎቹ ተፈጻሚነት የላቸውም ብሎ ወሰነላት። ልብ በይ፣ አንቀጹ ግልጽ ስለነበር ይህን የመጀመሪያው ችሎት ራሱ ሊያርመው ይችል ነበር።

ስለዚህ መብቱ የተነካ ሰው መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ አንቀጹንም በግልጽ ጠቅሶ ይከራከራል። በክርክሩ ውስጥ የትርጉም ጥያቄ ከተነሣ ችሎቱ ራሱ ወይም ባለጉዳዩ ለአጣሪ ጉባኤው ማቅረብ ይችላሉ። ክርክሩ ካለቀና ይግባኝ የሚባልበት ደረጃ ከሌለም፣ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት የመጨረሻው ውሳኔ መሠረታዊ መብቴን ጥሷል የሚል ሰው ለጉባኤው አቤቱታ ያቀርባል። ጉባኤው «ትርጉም አያስፈልገውም» ብሎ ቢመልሰው እንኳ፣ በአንቀጽ 84 መሠረት ቅር የተሰኘው ባለጉዳይ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው።