ሩፔል ነው ነጭ ጀርባ? ጥንብ አንሳ መለየት ላይ እርዱኝ

ሰንዳፋ_ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር የሞተ አህያ ላይ ጥንብ አንሳ ተሰብስቦ አየሁና ቆሜ በባይኖኩላር ሳይ ግማሾቹ ምንቃራቸው ጥቁር ነው ግማሾቹ ደሞ ቢጫ ቢጤ። ጥቁሮቹን ነጭ ጀርባ፣ ቢጫዎቹን ሩፔል ብዬ ልመዝግብ? ደሞ አንዲት ትንሽዬ ቡናማ ዳር ዳሩን የምትዞር ነበረች፣ ጫጩታቸው ናት?

እንጦጦ_ላይ፦ ቢጫዎቹን ሩፔል በላቸው። ያደገ ሩፔል ደረቱና ክንፉ ላይ የእያንዳንዱ ላባ ጫፍ ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ጥቁሮቹ ላይ ግን አትቸኩል፣ ወጣት ሩፔልም ምንቃሩ ጥቁር ነው!

ጀማ_ሸለቆ፦ ትክክል፣ በምንቃር ብቻ አይፈረድም። ሲነሱ ጠብቅ። ያደገ ነጭ ጀርባ ክንፉን ሲዘረጋ ከጅራቱ በላይ ያለው ጀርባው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቁጭ ሲል ክንፉ ስለሚሸፍነው ብዙ ጊዜ አይታይም። በላይህ ሲያልፍ ደሞ ክንፉ ከስር ፊተኛው ክፍል ነጭ ኋለኛው ጥቁር ነው፣ የሩፔል ግን ጠቆር ብሎ ከፊት ጠርዙ አጠገብ ቀጭን ነጭ መስመር ነው ያለው። ቦታ አይቶ መገመትም አያስኬድም፣ ሩፔል እንደ ደብረ ሊባኖስና ጀማ ያለ ገደል ላይ ነው የሚራባው ነጭ ጀርባ ዛፍ ላይ፣ ግን ምግብ ፍለጋ ሩቅ ስለሚበሩ አንድ ጥንብ ላይ ይገናኛሉ።

ቄራ_ሰፈር፦ ትንሿ ጫጩት አይደለችም። ጥንብ አንሳ መብረር ሲጀምር መጠኑ ወላጁን ያክላል። ምንቃሯ ቀጭን፣ ፊቷ ላባ የሌለው ሮዝ ከሆነ ሌላ ዝርያ ናት፣ እኛ ሰፈር ቄራው ጋ ሞልተዋል። ስትጣላ ፊቷ ቀይ ይሆናል።

ሰንዳፋ_ልጅ፦ አዎ ሮዝ ነበር! ከጥቁሮቹ ሁለቱ ሲነሱ ጀርባቸው ላይ ነጭ አይቻለሁ፣ ሌሎቹ ግን ሳይነሱ ሄድኩ።

ጀማ_ሸለቆ፦ ሁለቱን ነጭ ጀርባ በል፣ የቀሩትን "ያልተለየ" ብለህ ጻፍ። ወጣቶቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ስም በግድ አትስጣቸው፣ የተሳሳተ መዝገብ ከባዶ ይብሳል።

እንጦጦ_ላይ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሶስቱም ዝርያዎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ናቸው፣ ለጅብ ተብሎ የሚቀመጥ መርዝ ደሞ ብዙ ይፈጃቸዋል። ስትመለስ ጥንቡ ዙሪያ የሞቱ ወፎች ካየህ በእጅህ እንዳትነካ፣ ፎቶ አንስተህ ቶሎ ለወረዳው ግብርና ቢሮ ንገር።