የኦንላይን ሜንተር አግኝቼ ነበር፤ ግን እንዴት ልጠቀምበት?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። አይነ ስውር ሯጮችን ነው የማሰለጥነው፤ 1500 ሜትር፣ ቲ11 (ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል የማያዩ ሯጮች ምድብ፤ ከሚያይ መሪ ጋር እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ)። ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ በዚሁ ርቀት ወርቅ ካመጣች ወዲህ ልጆቹ ወኔያቸው ሌላ ሆኗል። አውሮፓ ያለ አሰልጣኝ በኦንላይን ሊያግዘኝ ፈቃደኛ ነው። ግን የቪዲዮ ጥሪው ይቆራረጣል፤ ግማሹ ሰዓት «ይሰማል?» በመባባል ያልቃል። ሲሰማ ደግሞ «ልምምድ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ «ደህና ነው» እላለሁ፤ በቃ።

መልስ 1
እህቴ፣ የቀጥታ ጥሪውን ተዪው። ቀርፀሽ በቴሌግራም ላኪለት፤ 15 ሰከንድ ይበቃል። አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከፊት ቅረጪ፤ እግራቸው እንዳይቆረጥ። ከፊት የተቀረፀው ላይ ገመድ የያዙትን እጆች ያያል። ገመዱ በሯጩ ግራ እጅ ከሆነ፣ ያ እጅ ወደፊት ሲሄድ የመሪው ቀኝ እጅ አብሮት መሄድ አለበት። እግራቸውም እንደዚያው። ያ ከተዛባ መሪው ሳይታወቀው መጎተት ይጀምራል። መጎተት ደግሞ በውድድር ያሰርዛል፤ መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመር ማለፉም እንደዚያው።

መልስ 2
በአንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ። «ኩርባው ላይ እርምጃቸው ለምን ይለያያል?» ካልሽው ይመልስልሻል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችም ንገሪው። ዝቅተኛ ቦታ የሚያሰለጥን ሰው የሚሰጥሽን የዙር ሰዓት እንዳለ ብትወስጂው ልጆቹን ትጨርሻቸዋለሽ።

መልስ 3
እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰውየው ከመሪ ጋር የሚሮጥ አትሌት አሰልጥኖ ያውቃል? ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮም በፓሪስም 1500 ያሸነፈችው በቲ13 (በከፊል የሚያዩ ሯጮች ምድብ) ነው፤ እዚያ መሪ የለም። የቲ13 አሰልጣኝ ስለ ፍጥነትና ብርታት ብዙ ይነግርሻል፤ ስለ ገመዱ ግን ላያውቅ ይችላል።

ጠያቂ
ሠርቷል፤ ከመሪ ጋር የሚሮጡም ነበሩት። ግን ሯጩ ራሱ ቪዲዮውን አያየው፣ እንዴት ላሳትፈው?

መልስ 1
ከመላክሽ በፊት ቪዲዮው ላይ ምን እንዳለና ለማን እንደሚሄድ ንገሪው፤ እሱም መሪውም ይፍቀዱ። ከዚያ ጥያቄውን ራሱ በቮይስ ይላክ። ገመዱ የት ላይ እንደሚጠብቅበት ካንቺ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው። የሜንተሩን መልስም ተርጉመሽ በቮይስ ላኪለት፤ ደጋግሞ ይሰማዋል።

መልስ 2
ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ እንደገና አረጋግጪ።