ሎቲ ያጠለቀው ጅብ ከመድብሉ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለኅትመት በሚዘጋጀው የአስፈሪ አጫጭር ልብወለዶች መድብል ውስጥ አብዛኛው አንባቢ የወደደው የጅቡን ታሪክ ነው። ሌሊት ጅብ በጥይት ይመታል፤ ሲነጋ ሬሳው ጆሮ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ሎቲ ይገኛል። ይውጣ የሚሉ አሉ። ምክንያታችሁን አስቀምጡ።

የአንኮበሯ፦ ይውጣ። «ጠይብ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ሐሜት ሰው አቁስሏል፤ ዛሬም ያቆስላል። ምጣዷንና ጀበናዋን ገበያ ላይ ይገዟታል፣ ልጇን ግን ለጋብቻ የሚጠይቅ የለም። ታሪኩ ሎቲውን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ያመጣዋል፤ አንባቢው «ለካ እውነት ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ችግሩ እዚያ ነው።

መንዜው፦ ይቆይ እንጂ እህቴ! ሎቲ ያጠለቀ ጅብ የደራሲው ፈጠራ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመጡ የፈረንጅ ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። የራሳችንን ፍርሃት አውጥተን ምን ልናስገባ ነው? ነጭ አንሶላ የለበሰ የባዕድ መንፈስ?

የደብረ ሲናው፦ እኔ የማስቀድመው በዚያው መድብል ያለውን የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻ ታሪክ ነው። ጉሙ፣ ብርዱ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው ጨለማ፣ ሁሉም ልክ ነው። ግን ይታረም፤ ዋሻው 600 ሜትር ገደማ ነው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ72 ሰከንድ ይወጣዋል። ደራሲው እዚያ ውስጥ ዘጠኝ ገጽ ያወራል። መኪናውን መሐል ላይ ያቁመው።

አርታኢው፦ ወደ ጅቡ እንመለስ። የአንኮበሯ ጉድለቱን በትክክል አግኝታዋለች፣ መፍትሔው ግን መሰረዝ አይደለም። ሎቲው ከመጨረሻው ተነሥቶ መጀመሪያ ላይ ይምጣ፤ እረኛ ሣር ውስጥ ያገኘው። መንደሩ ችቦ ይዞ ወደ ሴትዮዋ ደጅ ይሂድ። በሩን ስትከፍት ሁለቱም ሎቲዎቿ ጆሮዋ ላይ ናቸው፤ ችቦው ያበራቸዋል፤ ከተሰበሰበው ሰው አንድም የሚያያቸው የለም። ያኔ የሚያስፈራው ደጅ የቆመው ሰው ይሆናል።

መንዜው፦ ታዲያ ጅቡ ምን ቀረው?

አርታኢው፦ ድምፁ። እሱም መታረም አለበት፤ በረቂቁ ጅቡ ከሸለቆው ማዶ «ይስቃል»። ጅብ ሳቅ የሚመስለውን የሚያሰማው ሲሻማ ወይም ሲዋከብ ነው። ከሩቅ የሚሰማው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅሙ ጩኸት ነው፤ ኪሎ ሜትሮች ያቋርጣል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ሳለ ያ ጩኸት ከማዶ ይሰማ።

የአንኮበሯ፦ እንዲህ ከሆነ ድምፄን እቀይራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ «ጠይብ» የሚለውን ስድብ ችቦ የያዙት ሰዎች ይናገሩት እንጂ ተራኪው አይበለው። ተራኪው ስሟን ይጥራት። አሁን ባለው ረቂቅ እኮ ስም እንኳ የላትም።

አርታኢው፦ ልክ ነሽ፣ አላስተዋልኩትም። ለደራሲው ከነገጹ ምልክት አድርጌ እልካለሁ።